መጀመሪያ ሥጋ የሚበላውን አሳምኑ

ከእንስሳ ሴል በላብራቶሪ ስለሚያድግ ሥጋ ያነበብኩት ጽሑፍ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች በደስታ ይቀበሉታል ማለቱ አላሳመነኝም። ሥጋ ከተወ ዓመታት ያለፉት ሰው ሽታው ራሱ ይከብደዋል፤ ምስሩና ሽምብራው እያለለት ምን አስጨነቀው? ደግሞ ሴሎቹ ለዓመታት ሲያድጉ የኖሩት እርጉዝ ላም ስትታረድ ከጽንሱ በሚቀዳ ደም ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ነው። ሲንጋፖር በ2023 እ.ኤ.አ. ያለ ሴረም የተመረተ የላብራቶሪ ዶሮ ሥጋ መፍቀዷ ትልቅ እርምጃ ነው። ያም ሆኖ መነሻው የእንስሳ ሴል ስለሆነ እኔ በጾም አልቀምሰውም።

ከብቱ ከቢላ የሚተርፈው ሥጋ የሚበላው ሰው ወደ ላብራቶሪው ሥጋ ሲቀይር ነው። ጣሊያንና የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት ሽያጩን በሕግ መከልከላቸው የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። ምንነቱ ማሸጊያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ያልፈለገ አይግዛ፣ የፈለገውን ግን ለምን ይከለክሉታል?