ምስጋና ለሴናተር አልቃሾቻችን

ሙሾ አውራጅ ጠፋ የሚሉ ሰዎች ስልካቸውን አይከፍቱም መሰለኝ። አንድ የአሜሪካ ሴናተር ይረፍና ተመልከቱ። ዋሽንግተን ባንዲራዋን ዝቅ ሳታደርግ የእኛ ሰው ላይቭ ገብቷል። ሻማው በርቷል፣ ፎቶው ተቀናብሯል፣ ማዕረጉም ተሰጥቷል፦ «እውነተኛ የኢትዮጵያ ወዳጅ»። ወይም፣ እንደ ወቅቱ፣ «የእጁን አገኘ»።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ አሉ። እኔ ግን ምስጋና ይገባዋል ባይ ነኝ። ለምሳሌ የኦክላሆማውን ሴናተር ጂም ኢንሆፍን እንውሰድ። በጁላይ 2024፣ በ89 ዓመታቸው ነው ያረፉት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ እጽፋለሁ፤ ሟቹም ፈረንጅ ናቸው።)

ሰውየው የቱልሳ ከንቲባ ነበሩ። በተወካዮች ምክር ቤት አገልግለዋል። ከ1994 እስከ 2023 መጀመሪያ ሴኔት ተቀምጠዋል። የጦር ኃይሎች ኮሚቴን መርተዋል፤ የ2023ቱ የመከላከያ ፈቃድ ሕግ በስማቸው እስከመሰየም ደርሷል። ይህን ሁሉ ዘመን ማን መርምሮ ይዘልቀዋል? አልቃሾቻችን በአንዲት ጥያቄ ይገላገሉታል፦ «ከእኛ ጋር ነበር ወይስ ከእነሱ ጋር?» አለቀ። ለዚህ ሥራ ሌላ አገር ስንት ፕሮፌሰር ደመወዝ ይበላል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የመርሳት ችሎታቸውን ነው። ኦክቶበር 2007ን አስታውሱ። ሚሊኒየማችን ከገባ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። የኒው ጀርሲው የምክር ቤት አባል ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት ኤችአር 2003 (ቁጥሩ የረቂቁ ነው፣ ዓመት አይደለም) በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። በምርጫ 97 ማግሥት ለፈሰሰው ደም ተጠያቂነትን የሚጠይቅ ረቂቅ ነበር። የጸጥታ እርዳታ በቅድመ ሁኔታ ይሁን ይላል፤ በባለሥልጣናት ላይ የቪዛ ክልከላ አለበት። ዲያስፖራው በብርድ ቆሞ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞሮ፣ ስልክ ደውሎ ነው እዚያ ያደረሰው። የመለስ መንግሥት በበኩሉ ዲኤልኤ ፓይፐር የሚባል የጥብቅና ድርጅት ቀጥሮ ይከላከላል። ጉዳዩ ሴኔት ሲደርስ ኢንሆፍ ተነሡና ተቃወሙት። ረቂቁ እዚያው ተኝቶ ቀረ፤ ሕግ አልሆነም።

ያን ሰሞን የዲሲ ታክሲ ነጂዎቻችን ስለ ኢንሆፍ ይሉ የነበረውን እዚህ መጻፍ አይቻልም። ልጆች ያነቡታል።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ዋሽንግተን በአዲስ አበባ ላይ ፊቷን አጠቆረች፤ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የመላኩ ዕድል፣ አጎዋም፣ ቀረ። በ2022 መጀመሪያ ደግሞ ኤችአር 6600 የሚባል ረቂቅ ብቅ አለ። ማዕቀብ፣ የጸጥታ እርዳታ ማቋረጥ፣ ብድር እንዳይገኝ መቃወም፤ የኤችአር 2003 ታናሽ ወንድም በሉት። በዚያ የጭንቅ ጊዜ ለዐቢይ መንግሥት ከተሟገቱ ጥቂት ሴናተሮች አንዱ ማን ሆኑ? ኢንሆፍ!

ሰልፈኛው ያው ካፒቶል ፊት ቆመ። ብርዱ ያው፣ ባንዲራው ያው፣ አንዳንዱ ጃኬት ሳይቀር ያው ነው። በ2007 «ማዕቀብ ጣሉልን» ያለው ጉሮሮ አሁን «እጃችሁን አንሱ» አለ። ቀድሞ ያልተጻፈው ስድብ ተሽሮ ምርቃት ተተካ። ከማዶም እንዲሁ ነው። በ2007 «በውስጥ ጉዳያችን ማን አገባቸው?» ብለው ፔይንን ሲያወግዙ የነበሩ ሰዎች፣ በ2022 ለኤችአር 6600 ደጋፊ ፍለጋ የምክር ቤት አባላትን ስልክ አጨናነቁ። ኤችአር 6600ም በተራው ሕግ ሳይሆን ቀረ። ሁለቱን ረቂቆች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰልፈኛ ካለ ወጪውን ችዬ ምሳ እጋብዘዋለሁ። ኪሴ አይጎዳም።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ። ሰውየው ንቅንቅ አላሉም። በ2007 አራት ኪሎ ቤተ መንግሥት ካለው ሰው ጋር ነበሩ። በ2021ም አራት ኪሎ ቤተ መንግሥት ካለው ሰው ጋር ነበሩ። ቦታ የቀየርነው እኛ ነን። ቢሆንም አልቃሾቻችን ብልሃት አያጡም፤ ከአንድ ኢንሆፍ ሁለት ሰው አወጡ። አንዱን በ2007 በቁሙ ቀበሩት፣ ለሌላው በ2024 ሻማ አበሩለት።

ስለ ወዳጅነት ካነሣን ደግሞ የበረዶዋ ነገር አለች። በፌብሩዋሪ 2015 ኢንሆፍ በላስቲክ የያዙትን የበረዶ ኳስ ይዘው ሴኔት ገቡ። ውጪ ይበርዳል፤ ስለዚህ የምድር ሙቀት ጨመረ የሚባለው ማጭበርበር ነው ለማለት ነው። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ወረወሯት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቦረና ላይ ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ቀረ፤ ከብቱ ሜዳ ላይ አለቀ። የቦረና አርብቶ አደር ያቺን ኳስ ቢያገኝ አቅልጦ ለጥጆቹ ባጠጣት። አልቃሾቻችን ግን አየር ንብረት ውስጥ አይገቡም። ወዳጅነት የሚለካው በቤተ መንግሥት እንጂ በዝናብ ነው እንዴ?

በአንጻሩ በዲሴምበር 2020 ትራምፕ ምዕራብ ሰሐራ የሞሮኮ ናት ብለው እውቅና ሲሰጡ፣ ኢንሆፍ የገዛ ፓርቲያቸውን ፕሬዚዳንት በአደባባይ ተቃወሙ። የሰሐራ ሕዝብ ሕዝበ ውሳኔ ይገባዋል አሉ። በረሃ ለተሰደደ ሕዝብ መከራከር ኦክላሆማ ውስጥ አንድ ድምፅ አያስገኝም። የምር ሊወደሱበት የሚገባ ነገር ካለ ይሄ ነው፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። እኔ ባየኋቸው ሙሾዎች ውስጥ ግን አልተጠቀሰም። እኛን አይመለከትማ።

ዶናልድ ፔይን በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናቸው። በማርች 2012 ነው ያረፉት፤ የዲያስፖራው ፍቅር ገና ሳይበርድ። እስከ 2021 ቢቆዩና ስለ ትግራይ አንድ መግለጫ ቢያወጡ ኖሮ፣ «ለመሆኑ ማን ከፍሎት ነው?» የሚለው ቪዲዮ በሰዓታት ውስጥ ይለቀቅባቸው ነበር።

በካፒቶል ኮሪደር ዛሬም ስለ እኛ አገር የሚናገሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አሉ። ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ስለዚህ አልቃሾቻችን እንደለመዱት በመጨረሻው ሰዓት እንዳይዋከቡ፣ ለእያንዳንዳቸው ከወዲሁ ሁለት ጽሑፍ ያዘጋጁ፤ አንድ የሙሾ፣ አንድ የእርግማን። ፎቶው ለሁለቱም ያገለግላል። የትኛው እንደሚለጠፍ የዚያን ዕለት አራት ኪሎ ደውሎ መጠየቅ ነው።