ሃያ ሰው ስንት ጊዜ ሰላም ይባባላል?

ደሴ ላይ «እኔና ሒሳብ ተኳርፈናል» የማይል ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ይህንኑ የሚል ሰው ግን የአርባ ሰው ዕቁብ ይሰበስባል። ማን እንደጣለ፣ ማን እንደዘገየ፣ ማን ዕጣው ከደረሰው ወዲህ ስልክ አላነሳ እንዳለ ያለ ደብተር ይነግራችኋል። ይሄ ሰው ከሒሳብ ጋር አልተጣላም። በአርጩሜ ስላስተዋወቁት ነው ፊቱን ያዞረው።

እኔ ሒሳብ ውብ ነው ባይ ነኝ። ማስረጃዬም ሰላምታ ነው።

የወሎ ሰላምታ እጅ ነቅንቆ ማለፍ አይደለም። ልጆች ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል። ከዚያ «ሌላስ ደህና?» ተብሎ እንደገና ይጀመራል። እንግዲህ ሰርግ ቤት ሃያ ሰው ተሰብስቧል እንበል። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሰላም ሲባባል ስንት ሰላምታ ይሆናል?

የመጀመሪያው ሰው 19 ሰው ሰላም ይላል። ሁለተኛው ከእሱ ጋር ስለጨረሰ 18 ይቀሩታል። ሦስተኛው 17። እንዲህ እያለ እስከ 1 ይወርዳል። አንድ በአንድ መደመር ግን አያስፈልግም። 19ን ከ1 ጋር አጋቡት፤ 20። 18ን ከ2 ጋር፤ ይሄም 20። ዘጠኝ ጥንድ ይወጣል፤ 180። መሃል ላይ 10 ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ጠቅላላው 190። ከዚያ ሁሉ ቁጥር ሳያገባ የቀረው 10 ብቻ ነው፤ እሱም ሰርግ ቤት ቆሞ።

አንዱ ሰላምታ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ (ወሎ ላይ ይሄ መቸኮል ነው) 190 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል። ምሳው በረደ! ግን አይበርድም፤ ተራ የሚጠብቅ የለማ። አሥር ጥንድ ባንዴ ይያያዛል፣ ከዚያ ይቀያየራል። በደንብ ከተቀያየሩ በ19 ዙር ያልቃል። የኳስ ሊግም እንዲሁ ነው፤ 20 ክለብ ካለ የመጀመሪያው ዙር 19 ሳምንት ነው።

ጉዱ 21ኛው እንግዳ ሲገባ ነው። «ኖር!» ይባላል፣ ሁሉም ይነሳል። እሱ ደግሞ «ኧረ በአላህ አትነሱ!» ይላል። ቁጥሩ ጎዶሎ ሆነ ማለት ነው። በየዙሩ አንድ ሰው ያለ ጥንድ ይቀራል፤ ዙሩም 21 ይደርሳል። ደስ የሚለው ግን እያንዳንዱ ሰው የሚያርፈው በትክክል አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነዳጅ ወረፋ ላይ እንዲህ ያለ ፍትሕ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ ባቲ ገበያ ብትወርዱ ደግሞ ዶሮ አለ። 13 ዶሮ፣ አንዱ 600 ብር እንበል። ጠቅላላ ዋጋውን ለማግኘት አንዱን ቁጥር እያጋመሳችሁ ሌላውን እጥፍ አድርጉ። በአንድ በኩል 13፣ 6፣ 3፣ 1፤ ግማሽ ከመጣ ይጣላል። በሌላ በኩል 600፣ 1200፣ 2400፣ 4800። ለሁለት እኩል ከሚካፈለው ከ6 ጎን ያለውን 1200 ሰርዙና ቀሪውን ደምሩ፤ 7800። ይህን ዘዴ ውጭ አገር ያሉ የሒሳብ ሰዎች «የኢትዮጵያ ብዜት» ይሉታል። ኮምፒውተርም በ0 እና በ1 ሲያባዛ ሐሳቡ ይኸው ነው። እኛ ግን የስልካችን ባትሪ ካለቀ ዶሮውን ትተን እንመለሳለን።

ላሊበላን ሳላነሳ ባልፍ ወሎዬ አይደለህም እባላለሁ። ብዙው ዓለም ድንጋይ እየደመረ ሲገነባ ቤተ ጊዮርጊስ የተሠራው በመቀነስ ነው። ዐለቱ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የሚፈለገው ብቻ ቀረ። የሚደምር ሰው ቢሳሳት አፍርሶ ይገነባል። የሚቀንስ ሰው ቢሳሳት ሌላ ዐለት ከየት አባቱ ያመጣል? የሰፈሬ ባለሱቅም ከኪሎ ላይ በመቀነስ የተካነ ነው፤ ከእሱ ቅነሳ ግን እስካሁን የቆመ ነገር አላየሁም።

የአክስቴ ልጅ የሒሳብ መምህር ነው። ባለፈው ሰባት ሆነን ቡና ላይ ተቀምጠናል። እናቱ ድፎውን ልትቆርስ ቢላዋ አነሳች።

«አብሽሪ እማ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ቁረጪው፣ ሰባት ይወጣዋል» አላት።

እውነቱን ነው። ሦስቱ ቁርጦች መሃል ላይ አንድ ቦታ ከተገናኙ ስድስት ነው የሚሆነው። ትንሽ ፈቀቅ ፈቀቅ ካደረጓቸው ግን መሃል ላይ ሦስት ማዕዘን ያላት ሰባተኛ ቁራሽ ትወለዳለች። አራት ቁርጥ እስከ 11፣ አምስት ቁርጥ እስከ 16 ያደርሳል።

አክስቴ ቢስሚላህ ብላ እንዳላት ቆረጠች። ሰባት! «ማሻአላህ!» ተባለ። ልጅየው ከመቀመጫው ተነስቶ «ውበቷን እዩልኝ!» እያለ የመሃሏን ያሳያል። አክስቴ ሰፌዱን ዝም ብላ ታያለች። ስድስቱ ቁራሾች ያጠግባሉ። ሰባተኛዋ ለድመትም ታሳፍራለች።

«ልጄ፣ ሰው የሚቀየመው በቁጥሩ መሰለህ?» አለችው። ስድስቱን ለእኛና ለራሷ አደለችና ያቺን የመሃሏን አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «እንካ፣ አንተ በውበቷ ጥገብ።»