ምስር ሾርባ ውስጥ አሳማ ምን ይሰራል?

ዛሬስ በቃ አንጀቴ አሯል! ፍራንክፈርት ስራ ቦታዬ አጠገብ ምሳ የሚሸጥ የጀርመን ሥጋ ቤት አለ፣ ሰው ቆሞ ቶሎ በልቶ የሚሄድበት። አርብ ነው፣ ፆም ነው፣ ምስር ሾርባ ተፅፎ ሳይ ደስ ብሎኝ ገባሁ። "ሥጋ አለው?" አልኳት ሻጯን። "የለውም" አለችኝ። ከፈልኩ። ገና ሁለተኛውን ማንኪያ ሳነሳ ሮዝ ቁራጭ፣ ዳር ዳሩ ነጭ ጮማ፣ እንደ ዳይስ አራት ማዕዘን ተደርጎ የተከተፈ።

"ይሄ ምንድነው?"

"እሱማ ሽፔክ ነው።"

የአሳማ ጮማ! ታዲያ ሥጋ ማለት ምንድነው?

ፎሶሊያው ላይ ሽፔክ። ጥብስ ድንቹ ላይ ሽፔክ። ቀይ ጎመኑ በአሳማ ሞራ። ጠይቄም ካልዳንኩ ምን ላድርግ? በአውሮፓ ሕግ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ አለርጂ የሚያመጡ 14 አይነት ነገሮች መገለፅ አለባቸው፣ ሰናፍጭና ሴለሪ ሳይቀር፣ አሳማ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ እኔም ሙስሊሙ ጓደኛዬም ሥጋ የማትበላዋ ጀርመናዊት ባልደረባዬም የምንበላው በሻጭ ቃል አምነን ነው። እዚሁ ፍራንክፈርት እኮ ሪንድስቩርስት የሚሉት ንፁህ የበሬ ቋሊማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይሰራል፣ አሳማ ለማይበላ ሰው ማሰብ ያውቁበታል! ምስር ላይ ሲደርሱ ምን ነካቸው? "ሽፔክ አለው" ብሎ አንድ መስመር መፃፍ ምን ይከብዳል?

ሳህኑን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ፆሜን አስገደፉኝ፣ ሆዴ እስካሁን ይገላበጣል።