ለክቡር አቶ ዝገት፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ውል የያዟትን መኪና እንዲለቁ ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፤

«ባሉበት» ማለቴ ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም፤ አድራሻዎን ልዘርዝር ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። በግራው በር ሥር አሉ። በጣራው አሸንዳ አሉ። የፊት መስታወቱን በያዘው ጎማ ሥር፣ የኋላ እግሯ ከሚዞርበት ቅስት ጀርባ፣ ካቢኑ ሻንሲው (የመኪናዋ የብረት አፅም) ላይ በሚያርፍባቸው ቦታዎች ሁሉ አሉ። ሻንሲው ውስጥማ ከነዘር ማንዘርዎ ነው የገቡት። ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ጎንደር ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ ቤቱን ቆርጥሞ እየበላ «ቤቱ ጠበበኝ» የሚል ግን ከእርስዎ በቀር አላየሁም።

ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያልያዙት መኪና ስለሌለ የትኛዋን እንደምል እንዳይምታታብዎት ልንገርዎ። 75 ላንድክሩዘር ናት፤ ኋላዋ ክፍት፣ ሞተሯ 2ኤች፣ 6 ፒስተን፣ 3,980 ሲሲ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሚባል ነገር በደጇ አልፎ የማያውቅ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሯ ኦክስጅን ያጥራትና ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች ታለከልካለች። ለእርስዎ ግን ያው አየር ተርፎ ይፈስልዎታል። አየርና ውኃ ካገኙ ሌላ ምን ይሻሉ? ናፍጣ ሰልፍ አይቆሙም፤ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አይጠብቁም፤ የውጭ ምንዛሬ አይጠይቁም። መብራት ሲጠፋም ፈረቃዎን አያቋርጡም። ግብዓት ሳይጎድለው ሌት ተቀን የሚሠራ አንድ ፋብሪካ አለን፤ እሱም እርስዎ ነዎት።

አበላልዎን ላድንቅ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነዎት። መጀመሪያ ከቀለሙ ሥር አንዲት ብጉር ብቅ ትላለች፤ ባለቤቱ «ጠጠር መቷት ነው» ብሎ ያልፋታል። ቀጥላ ጓደኞቿን ትጠራለች። ሌላው በላተኛ የበላው ያልቅበታል፤ እርስዎ የበሉት ግን ይሰፋል። ብረቱ ዝገት ሲሆን ቀድሞ ይዞት ከነበረው ቦታ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይይዛልና፣ ሁለት ላሜራ ከተጋጠመበት ስፌት ገብተው ያብጡና ፋብሪካው ነጥብ በነጥብ የበየደውን ይፈለቅቁታል። ጨው ሲጨመርልዎትማ አይጣል ነው። የቀድሞ ጌታዋ ለከብት የሚሆን ጨው ያመላልስባት ነበር አሉ፤ የጭነቱን ወለል ሳየው አምናለሁ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ዕዳ ላንሣ። በእኛ አገር ብረት የሚያቀልጥ ሰው «ቡዳ ነው፤ ሰው ይበላል» ሲባል ኖረ። በደባርቅ መውጫ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች፤ ማረሻውንም ማጭዱንም ከእነሱ እጅ የገዛው ሰው ቤቱ ሲገባ ልጁን ከዓይናቸው ይሸሽግ ነበር። ሠሪው በበላተኛነት ሲከሰስ እርስዎ እዚያው ማረሻው ላይ ተቀምጠው ይበሉ ነበር፤ ቀና ብሎ ያየዎት የለም። ክታብ የጻፈብዎት ደብተራ የለም፤ ጠበል የረጨዎትም የለም። (ጠበሉንማ ቢረጩዎት ደስታዎ ነው።) ቤተ ክርስቲያን ግን ታውቅዎታለች፤ ስምዎ ከብልና ከሌባ ጋር ተደርድሮ ሲነበብ በጆሮየ ሰምቻለሁ።

አፄ ፋሲልም ሳያውቁዎት አልቀሩም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ግንባቸውን በድንጋይና በኖራ አሠሩት፤ ይኸው አራት መቶ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ቀርቶት ቆሟል፤ ዩኔስኮም በ1979 በቅርስነት መዝግቦታል። የእኔዋ ገና የትናንት ልጅ ሆና ፍርስራሽ ልትባል ነው። በቅርስነት እንዳላስመዘግባት ደግሞ የሚመዘገብ ነገር እያስቀሩልኝ አይደለም።

ብቻዎን ቢሆኑ ኖሮ በተቋቋምሁዎት። የሚያናድዱኝ ግብረ አበሮችዎ ናቸው። መኪናዋን ስገዛት ነጭ ቀለሟ ያብረቀርቅ ነበር፤ ሻጩም «በአንድ ሰው እጅ የኖረች ናት፤ ዝናብ አይቷት አያውቅም» አለኝ። ሰኔ ከገባ መስከረም እስኪጠባ ሰማዩ በማይዘጋበት ጎንደር ዝናብ ያላያት መኪና! ከበሩ ሥር ያለውን ቀለም በግራይንደር ስገልጠው መጀመሪያ ስቱኮ፣ ጎድጓዳና ቀዳዳ የሚሞላበት ልጥፍ፣ መጣ። ከስቱኮው ሥር ሌላ ስቱኮ፤ ከዚያ ሥር ተጠቅልሎ የተወተፈ ስፖንጅ፤ ከስፖንጁ ሥር በሪቬት የተመታ የምግብ ዘይት ቆርቆሮ። ጽሑፉ አሁንም ይነበባል፦ «ከኮሌስትሮል ነፃ»። እውነት ነው፤ ኮሌስትሮል የለባትም። ብረትም የለባትም።

የከተማችን ባትላሜራ እጁ ወርቅ ነው፤ የተጨማደደ ፓራፋንጎ በመዶሻና በእንጨት ብቻ መልሶ ያቀናዋል። ለእሱ ክፉ ቃል የለኝም። ክፉ ቃሌ «ለሽያጭ ናት፤ አታስረዝመው፣ ሸፍናት» ብሎ ለሚያዝዘው ነው። ስቱኮ ውኃ ይመጥጣል፤ የመጠጠውንም ይዞ ብረቱ ላይ ይተኛል። ከሥር የሚቀባው ሬንጅም እንዲሁ ነው፤ ታጥቦ በደረቀ ብረት ላይ ሲሆን ያግድዎታል፣ ከነጭቃው ሲለቀለቅ ግን መጋረጃዎ ይሆናል፤ እርስዎም ከመጋረጃው ጀርባ ያለ ከልካይ ይመገባሉ። ከበሮቹ ግርጌ ውኃ እንዲወርድ ፋብሪካው የተዋቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱንም «አቧራ ያስገባሉ» ብሎ በሲሊኮን የደፈነ ጠቢብ አጋጥሞኛል። ሐውልት ሊያቆሙለት ይገባል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ሰውነቷን መዳበስ ይህን ሁሉ ያጋልጥ ነበር፤ ስቱኮ ማግኔት አይዝም። ታዲያ ማግኔት የያዘ ገዢ ሲመጣ ሻጩ «ምነው፣ አታምነኝም እንዴ?» ብሎ ይቀየማል። ጨዋነታችንም ለእርስዎ ይሠራል ማለት ነው።

አዋጁም ሳያስበው ረዳዎት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ግብሩን ሰቀለው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። እንግዲህ ያለችውን ጠጋግኖ መንዳት ነው፤ የእርስዎም ግዛት በዚያው ልክ ሰፋ። «ጣላትና ሌላ ግዛ» የሚለኝን ሁሉ «ዋጋው ስንት ገባ?» እያልሁ ዝም አሰኘዋለሁ።

ስለዚህ ብየዳውን በግቢየ ጀመርሁ። ቁራጭ ላሜራ ፍለጋ ቅዳሜ ገበያ ብወርድ፣ ነጋዴው ባወጣልኝ ላሜራ ላይ ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኘሁዎት። «ይጠረጋል» አለኝ። ሌላው የጣራ ቆርቆሮ አቀረበልኝ። የዚያ ቆርቆሮ ዚንክ ለብረቱ ሲል ራሱን አስቀድሞ ለእርስዎ የሚያስበላ ሰማዕት ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ሲበየድ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ማታ በብርድ ብርድ ያንዘፈዝፋልና ሰማዕቱን በጣራው ላይ ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ የሚሠራው ብየዳ ሳይሆን ማራቆት ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ነቀልሁ፤ ካልተነቀለ የአልተርኔተሩ ዳዮድ ሊቃጠል ይችላል። የናፍጣ ታንኩን አወረድሁ፤ ወንበሩንና ምንጣፉን አወጣሁ፤ ባልዲ ውኃና አሸዋ አጠገቤ አደረግሁ፤ የማሽኑን የግራውንድ መቆንጠጫ ከምበይድበት ቦታ ቅርብ፣ በተፋቀ ብረት ላይ አሰርሁ። ይህን ሁሉ ሳደርግ አጥር ተደግፈው የሚመክሩ አልጠፉም። «ምን አደከመህ፣ በላዩ ላይ ለጥፍበት!» ይላሉ። የእርስዎ ፓርቲ አባላት መሆናቸውን አውቃለሁ።

በላዩ ላይ መለጠፍ ማለት እርስዎን እውስጥ አስቀምጦ በሩን መዝጋት ነው። የተበላው ላሜራ እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ተቆርጦ ይወጣል። ጤነኛው ራሱ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ቢሞላ ነው፤ 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ትንሽ ከዘገየበት ይበሳል። ብልሃቱ አለመቸኮል ነው፦ የማሽኑን ኃይል ዝቅ አድርጎ፣ ከጀርባ መዳብ ደግፎ (የቀለጠ ብረት መዳብ ላይ አይጣበቅም)፣ እዚህ ነካ፣ እዚያ ማዶ ነካ፣ ቀዝቀዝ እስኪል ጠበቅ። በአንድ ትንፋሽ የሳቡት እንደሆነ ላሜራው ይጣመምና በሩ አልገጥም ይላል። ሻንሲው ሌላ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ 3.2 ኤሌክትሮድ ይችላል። ስንጥቅ ካለበት ግን አስቀድሞ የስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ሰርስሮ ማስቆም ነው። የሚደረበው ብረትም ዳሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሳይሆን በሰያፍ ይቆረጣል፤ ቀጥ ያለ ከሆነ ጭነቱ በብየዳው ዳር ላይ ይሰበሰብና ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል። በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ ሰው ይህን ብትነግረው «ይይዛል ባክህ» ይልሃል። መያዙንማ ይይዛል፤ መስኮት ሊማሊሞን አይወርድም።

ማሽኔና የጎረቤቴ የእማማ ምጣድ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። እሳቸው ሲሰኩ የእኔ እሳት ይደክምና ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ እኔ ስለኩስ ደግሞ የእሳቸው እንጀራ ዓይን አያወጣም። «ልጄ፣ እንግዲህ ብረቱን ነው የምንበላው?» አሉኝ ባጥር በኩል። ያን ብቻ ለእርስዎ እንተውለት ብየ፣ እሳቸው ማክሰኞና ዓርብ ሊጋግሩ፣ እኔ በቀሩት ቀናት ልበይድ ተስማማን። መብራቱ ግን ከሁለታችንም ጋር ውል ስላልፈረመ ባሰኘው ቀን ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ኤሌክትሮዱም ይከዳል፤ ልባሱ እርጥበት ጠጥቶ ብየዳው በቀዳዳ ይሞላል። ስለዚህ ፓኮው ቡና ከሚፈላበት ከሰል ዳር ይቀመጣል፤ ባለቤቴም «በረካው ለኤሌክትሮዱ ነው?» ትለኛለች። ብልጭታውን ሊያዩ የሚንጠለጠሉትን የሰፈር ልጆች አባርራለሁ፤ ያን ብርሃን በባዶ ዓይን ያየ ሰው ቀን ምንም አይሰማውም፣ ማታ ግን ዓይኑ እየቆረቆረውና እያነባ እንቅልፍ ያጣል።

ስለ ብሎኖቹም ቅሬታ አለኝ። ብሎንና ዳዶ የተጋቡት በሰማንያ ነበር፤ ሲያስፈልግ ይፋታሉ። እርስዎ ግን ማንንም ሳይጠይቁ አቆረቧቸው። የባሌስትራው ብሎን ናፍጣ ሲጠጣ አድሮ፣ በመዶሻ ተመክሮ፣ በእሳት ግሎ እንኳ «ሞት ካልለየን» ይላል። መጨረሻው ግራይንደር ነው፤ ሁለቱንም ይቀብራል።

ተንኮልዎንም ደርሼበታለሁ። ከፊት ስበይድ የጀርባው ቀለም ይቃጠላል፤ እርስዎም በፊት በር ሲባረሩ በጓሮ ዞረው ይገባሉ። ብየዳው አልቆ፣ አንቲረስት ተቀብቶ፣ ባለመኪናው «ተገላገልሁ» ሲል እውስጥ ሆነው ይስቃሉ። ስለዚህ በተዘጋው ክፍል ሁሉ፣ በቀዳዳው በኩል፣ የተቃጠለ ዘይት በግሪስ ወፍሮ ገብቶበታል። ባለቤቴ ሽታውን አልወደደችውም። እርስዎም እንዳይወዱት ነው።

በጠላትነት ብቻ እንዳንለያይ ግን ማርሚታውን፣ ጭሱ የሚወጣበትን፣ ይውሰዱት። ናፍጣ ሲቃጠል ውኃ ስለሚወጣው ከውስጥ መበላቱ አይቀርም፤ በዚህ አልሟገትዎትም። ልብ ይበሉ፤ የሰጠሁዎት በጉልት እንጂ በርስት አይደለም። ግብሩን ይበላሉ፤ መሬቱ የእርስዎ አይሆንም፤ ባሰኘኝ ቀን ነቅየ አዲስ እተክልበታለሁ። ሻንሲው ግን ርስቴ ነው። በተለይ ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ እንዳይጠጉ። በዓመታዊ ምርመራ ቁጥሩ ካልተነበበ ቦሎ አላገኝም፤ ቦሎ ካጣሁ መኪናዋ ትቆማለች፤ ከቆመች ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ናት። ያሰቡት ይህንን ከሆነ ነቅቸብዎታለሁ።

የመልቀቂያ ጊዜዎ እስከ ጥምቀት ነው። በዚያ ሰሞን ከገጠር የሚመጡ ዘመዶቼን ጭኜ ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ስለምወርድ ወለሉ ላይ ሰው ይቆማል። ባለፈው የአጎቴ ዱላ ወለሉን በስቶ አስፋልት ነክቷል፤ እሳቸውም እስካሁን «ያች መኪናህ ስትሄድ መሬቱን አብሬ ስረግጥ ነበር» እያሉ በየለቅሶ ቤቱ ያወሩብኛል።

ከሰላምታ ጋር፤
የመኪናዋ ሕጋዊ ባለቤት
ጎንደር

ግልባጭ፦
ለአቶ ስቱኮ፣ ከቀለም ሥር
ለሻጩ (ስልካቸው ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም)
ለሐምሌና ለነሐሴ፣ እንዲያውቁት
ለእማማ፣ ሐሙስ ስለምበይድ ምጣዱን ለዓርብ እንዲያቆዩልኝ