እርማት፦ የጓዲክስ ዋሻዎች ባዶ አይደሉም

«የጓዲክስ ዋሻዎች ሰው ጥሏቸው የሄደ የተፈጥሮ ዋሻዎች ናቸው፤ እንደልብ መዞር ይቻላል» የሚለው ስህተት ነው። በስፔን ግራናዳ አውራጃ ያሉት እነዚህ ቤቶች በሸክላማ ኮረብታ ውስጥ በዶማ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ዛሬም ብዙ ቤተሰብ መብራትና ውሃ አስገብቶ ይኖርባቸዋል። ከመሬት ብቅ ያለ ነጭ የጭስ መውጫ አጠገባችሁ ካያችሁ የሰው ጣሪያ ላይ ቆማችኋል፤ ውረዱ። ውስጡን ማየት የፈለገ የዋሻ ሙዚየም አለለት። ባለቤቱ ራሱ «ግቡ» ካለም ክፍያ እንዳለው ቀድሞ መጠየቅ ነው።

«እርጥብ ናቸው» የሚባለውም በአብዛኛው የጥገና ጣጣ ነው። በኖራ የተቀባ ግድግዳ እርጥበቱን ያስወጣል፤ በሲሚንቶ ከተለሰነ ግን እርጥበቱ ታፍኖ ልስኑ እየተላጠ ይወድቃል። ውስጡ ዓመቱን ሙሉ 20 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በሐምሌ ሐሩርም ስስ ሹራብ ያዙ።