አማካይ ቀን ቃሪያ አያድንም

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እህት "የቃሪያ ችግኞቼን ጓሮ ተክዬ ጨረስኩ" አለችኝ። ክው አልኩ። ገና ሚያዝያ አጋማሽ ነው፤ ያለነው ደግሞ አሜሪካ፣ ዴንቨር ነው፤ ውርጩ ገና አላለፈም። በየዓመቱ እንደዚሁ ነው። ሦስት ቀን ፀሐይ ከወጣ የኛ ሰው ዶማውን ይዞ ጓሮ ይገባል።

እኔን የቆጨኝ በ2014 ዓ.ም. ነው። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ቤዝመንት ውስጥ መብራት ሥር ቃሪያና በሶብላ ዘራሁ። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነበር። እዚህ አገር ሰው "የእናቶች ቀን ካለፈ ትከል" ይላል። በዓሉ የሚውለው በሜይ ሁለተኛው እሁድ ነው። ከኛ ግንቦት ልደታ ጋር ጎን ለጎን ናቸው። እኔም ልደታን አሳልፌ ተከልኩ።

ግንቦት 11 ሐሙስ ነበር። ልጆቼ በካናቴራ ውጭ ሲሯሯጡ አመሹ። አርብ ማታ በረዶ ጣለ። በረዶው ሲቀልጥ ወጥቼ አየሁት። የቃሪያው ቅጠል የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ጠቁሮ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። በሶብላው ስነካው ጣቴ ላይ ሟሟ። ጎመኑ ግን ምንም አልሆነም፤ በረዶውን አራግፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አጥር የምንጋራቸው አሮጊት ጎረቤቴ ቲማቲማቸውን ገና ከጋራዥ አላወጡም ነበር። አንድ ያረጀ ደብተር አሳዩኝ። የየዓመቱ የመጨረሻ ውርጭ የጣለበት ቀን ተጽፎበታል። ያኔ የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሁሉም የመጨረሻው ውርጭ ብሎ የሚጠቅሰው ቀን የ30 ዓመት አማካይ ነው። አማካይ ማለት ደግሞ በግማሹ ዓመታት ውርጩ ከዚያ ቀን በኋላም ይመጣል ማለት ነው። እሳቸው የሚጠብቁት ውርጩ ከአሥር ዓመት አንዴ ብቻ የሚያልፈውን ቀን ነው። እኔ ለካ የሁለት ወር ድካሜን በእጣ ላይ ጥዬው ነበር!

ለእናቴ ደብረ ብርሃን ደውዬ ስነግራት "ግንቦት ገብቶ ደሞ ምን ውርጭ አለ ልጄ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ አገር ለመዝራት የሚጠየቀው ዝናቡ መቼ ይገባል ነው። ውርጭ የሚያሰጋው በሌላው ጫፍ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ባቄላው ቆሞ ሳለ ነው። እናቴ ያን ጊዜ ማታ ደጅ ወጥታ ቀና ትላለች። ሰማዩ ከጠራ፣ ነፋስም ከሌለ፣ "ዛሬ ባቄላውን ይመታዋል" ትላለች። ረባዳው ማሳ ቀድሞ እንደሚመታም ታውቃለች፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳልና። ይኼ ሁሉ እዚህም አንድ በአንድ ይሠራል። እኛ ግን እውቀቱን አገር ቤት ጥለነው መጣን።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በከፍታው ይመስለኛል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ያንሳል። "አዲስ አበባ የበቀለ እዚህ ምን ይከለክለዋል?" ይሉኛል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ክረምትም በጋም የቀኑ ሙቀት ብዙም አይለዋወጥባትም። እዚህ ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ወቅቱ ይገለበጣል። በ2012 ነሐሴ 30 ሙቀቱ 38 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ጳጉሜን 3 በረዶ ጣለ። የሩፋኤል ዕለት! አገር ቤት ልጆች በዝናብ ሲጠመቁ እኛ በረዶ ስንጠርግ ዋልን።

ያ የተለየ ዓመት ነበር። ዘወትር ግን መስቀል ካለፈ ወዲያ ውርጭ ሩቅ አይደለም። ከልደታ እስከ መስቀል አምስት ወር አይሞላም። ቃሪያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ቃሪያ ወፍራም ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ሽታ የለውም። ስንግ አድርጌ በሽሮ በላሁት፤ ሣር የበላሁ ነው የመሰለኝ። ባለቤቴ "ግዢና ተገላገይ" ይለኛል። አልገዛም። የእናቴን ጓሮ የሚሸት ቃሪያ እፈልጋለሁ።

አሁን ጎመኑን በሚያዝያ እዘራለሁ፤ ብርድ አይፈራም፣ እንዲያውም ውርጭ ሲነካው ይጣፍጣል። ቃሪያውን ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው የማወጣው። ከዚያ በፊት አንድ ሳምንት ቀን ቀን ደጅ እያዋልኩ አለማምደዋለሁ። ቀድሞ የተተከለ ካለ ማታ በጨርቅ ይሸፈን፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይገለጥ። ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካው ብርዱን አይከላከልም።

ያቺን እህት አሁን ደወልኩላት። "አሮጌ አንሶላ አለሽ?" አልኳት። "የለኝም፣ ምነው?" አለች። በመስኮት ቀና ብዬ አየሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ዛፉ ላይ አንድ ቅጠል አይንቀሳቀስም። አራት አንሶላና አንድ ጋቢ መኪና ውስጥ ከትቻለሁ። ሳይመሽ ልድረስላት።