ዝንጅብሉንም ለሐኪም ንገሩ

ሐኪም «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ሲል አብዛኞቻችን «የለም» ብለን እናልፋለን። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣልን የዝንጅብል እንክብል ትዝም አይለንም። በሻይ፣ በበርበሬና በሽሮ ያደግንበት ነገር እንዴት መድኃኒት ይሆናል? በእንክብል ከተዋጠ ግን እንደ መድኃኒት ይቆጠር ባይ ነኝ። ሐኪሞችና ፋርማሲስቶችም «ከውጭ የተላከልሽ ነገርስ?» ብላችሁ ብትጨምሩበት ብዙ ነገር ይወጣል።

ዝንጅብል ይጠቅማል፤ ይህን አልክድም። በተለይ የእርግዝና ማቅለሽለሽን በማስታገስ ጥሩ ማስረጃ አለው። ብዙ ጊዜ የተሞከረው በቀን 1 ግራም ገደማ ነው፣ እሱም ተከፋፍሎ። የምግብ ሽታ ብቻ ወደ ላይ ለሚላት ሴት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እሷም ብትሆን ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምር። ለጉልበት ሕመም ያለው ጥቅም ትንሽ ነው። ቦርጭ ያጠፋል ለሚለው ወሬ ግን ብር አታውጡ።

እንክብሉ ከሻዩ ይለያል። ዝንጅብል ሲደርቅ ጂንጀሮል የተባለው ንጥረ ነገር ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይቀየራል። ጠርሙሱንም ልብ ብላችሁ አንብቡ። አንዱ 500 ሚሊ ግራም ተራ ዱቄት ነው፤ ሌላው 500 ሚሊ ግራም ተጣርቶ የተጠናከረ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ጉልበቱ ግን አይደለም። አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ደግሞ አምራቹ ፍቱንነቱን ለመንግሥት ሳያስመሰክር እንዲሸጥ ይፈቅዳል።

ቃር ወይም የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ይጠንቀቅ፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ግን ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ናቸው። አገራችን ውስጥ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ ቫልቫቸው ተጎድቶ፣ በብረት የተተካላቸው ወጣቶች አሉ። ይህን መድኃኒት ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ፤ መጠኑም በደም ምርመራ እየታየ ነው የሚስተካከለው። በዛ ያለ ዝንጅብል ሲጨመርበት ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል ተብሎ ይሠጋል። ጥናቶቹ እርስ በርስ ባይስማሙም፣ ቢሳሳቱ የሚደማው ታካሚው ነው። ድድ ከደማ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከበለዘ ወይም ሰገራ ከጠቆረ ቶሎ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰውም እንክብሉን መቼ ማቆም እንዳለበት አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ጠርሙሱንም ይዞ ይሂድ።